የጋሽ ማርሽ የግራ ጫማዎች

ጋሽ ማርሽ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ጠላት ብቻ ነበረው፤ እሱም አልጋ ሥር የሚገባ መጥረጊያ ነው። ሚስቱ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ፀጉር ቤቷ ከመውረዷ በፊት ቤቱን ስትጠርግ፣ እሱ ሳሎን ቁጭ ብሎ ሬዲዮ የሚሰማ ይመስላል እንጂ ጆሮው መኝታ ቤት ነው። መጥረጊያው ቁም ሣጥኑ ጥግ ሲገባ ዝም ይላል። በሩ ኋላ ሲገባ ዝም ይላል። አልጋው ሥር ገብቶ ከካርቶኖቹ ጋር ሲጋጭ ግን ሬዲዮውን ቀነስ ያደርግና ይጮኻል።

«አንቺ ሴትዮ! እዚያ ጋ ተዪው አላልኩሽም?»

«አቧራው አንገቴ ደረሰ እኮ!»

«አቧራው ምን አደረገሽ? አርፎ በተኛበት!»

ካርቶኖቹ ውስጥ ያለው ጫማ ነው። አዲስ፣ መሬት ያልነካ፣ አንዳንዱ ገና ከነወረቀቱ። ቁጥሩ ሁሉም አርባ ሁለት፣ እግሩ ሁሉም ግራ። ስኳር በሽታ የጋሽ ማርሽን ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ከወሰደ ወዲህ ሰውየው ጫማ በገዛ ቁጥር ቀኙን ይጫማል፣ ግራውን በጨርቅ ወልወል አድርጎ አልጋ ሥር ያስገባል። ሰው ሠራሹንም እግር ሞክሮት ነበር፤ ቆዳውን እየላጠ ቢያስቸግረው ሐኪሙ ራሱ «ይቅርብዎ» አለው። አሁን ያ እግር ከበሩ ኋላ ተንጠልጥሎ ጃንጥላ ይሰቀልበታል።

ጫማ መውደዱ የቆየ አመሉ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ከባድ መኪና ሲነዳ ነው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ዳገት መሀል ማርሽ ሲቀይር ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ብርጭቆ ሻይ አይንቀሳቀስም ነበር ይላሉ ጓደኞቹ። (ሾፌር ሲያወራ ግማሹን ማመን ነው፤ ግማሹም ቢሆን ግን ቀላል አይደለም።) ሌላው ሾፌር በሸበጥ ሲነዳ እሱ ጫማው እንደ መስታወት ካላበራ መሪ አይጨብጥም። «ፔዳልም ክብር ይፈልጋል» ይላል። ታዲያ ግራ እግር የፍሪሲዮን እግር ነው፤ ያለ ፍሪሲዮን ማርሽ የለም። ሐኪሙ ሊቆረጥ ነው ብሎ ሲነግረው፣ «ሌላ የሚቆረጥ ነገር የለም ወይ?» ብሎ ጠይቆ አስታማሚውን ሁሉ በሳቅ ፈጅቷል። እቤት ከገባ በኋላ ግን ብዙ ቀን አልሳቀም።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ መረራት። መጥረጊያዋን ተደግፋ ሳሎኑ በር ላይ ቆመች። «እስቲ ልጠይቅህ፤ እነዚህን ጫማዎች ለምን ታስቀምጣለህ? ይበቅልልኛል ብለህ ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁና ሳቁና ድንገት ዝም አሉ፤ እሷ የተናገረችውን አሁን ሰማች፣ እሱም ሰማ። «ይቅር በለኝ፣ አፌ ነው» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ጋሽ ማርሽ አልተቀየማትም። እግሩ እንደማይበቅል ማንም አልነገረውም፣ ራሱ ያውቃል። ግን ማወቅ ሌላ፣ መጣል ሌላ። ግራውን ጫማ ለሰው ካወጣ በገዛ እጁ «በቃ፣ ቀረ» ማለት መስሎ ተሰማው፤ ያን ደግሞ አንጀቱ እንቢ አለው።

ነገሩ የተጀመረው ዝናቡ ሊገባ ሲል ቡትስ ሊገዛ ጫማ ቤት የሄደ ቀን ነው። ሻጩ ገና ከበሩ ሲያየው ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ?»

«ዛሬ እንኳ ቀኙን ብቻ ሽጥልኝ።»

«ግራውን ማን ይገዛኛል ጋሼ? ጫማ እንደ እንቁላል በነጠላ ይሸጣል እንዴ?»

ከኋላቸው አንዲት ሴትዮ ሳቋን ለቀቀችው። የስፌት አስተማሪ ናት፤ ከአንገቷ ላይ የመለኪያው ሜትር እንደተንጠለጠለ ረስታው ነው የመጣችው። እቅፏ ውስጥ ሁለት ካርቶን ይዛለች፤ ሁለቱም ያው አንድ ዓይነት ጥቁር ጫማ።

«እርስዎን ደግሞ ምን አሳቀዎት?» አላት ጋሽ ማርሽ፣ ቆጣ ብሎ።

«በርስዎ አይደለም የኔ ወንድም፣ በራሴ ነው። አንዱ እግሬ ሠላሳ ሰባት ነው፣ አንዱ አርባ። እንዲህ ሆኜ ተፈጠርኩ። አንድ ጫማ ለማድረግ ሁለት ጫማ እገዛለሁ። እርስዎ ግማሹን ይጥላሉ፣ እኔም ግማሹን እጥላለሁ፤ ልዩነታችን የኔ ሸክም መብዛቱ ነው።»

«ይጥሉታል?» አለ ጋሽ ማርሽ፤ የራሱን አልጋ ሥር ረስቶት።

«ታዲያ ምን ላድርገው? ልቀቅለው?»

«አይጣልም! በዚህ ምድር ላይ የርስዎን እግር ገልብጣ የተሸከመች አንዲት ሴት አትጠፋም!»

«አትጠፋም። ግን የት አባቷ ብዬ ነው የማገኛት?»

ይኼን ጥያቄ የባንክ ሠራተኛ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። እሷ ግን እግር ጥሏት የጠየቀችው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጋሽ ማርሽ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደገፈና፣ «መፈለጉን ለኔ ይተዉት» አለ። ሻጩ ወንበር አወጣላቸው። ሱቁ ሲዘጋ ሁለቱ በረንዳው ላይ ገና ሲያወሩ ነበር።

የሾፌር ወሬ ከሾፌሩ ቀድሞ ይደርሳል። ጋሽ ማርሽ ለቀድሞ ጓደኞቹ ደወለ፤ እነሱ በየማደያው፣ በየጎሚስታው አወሩ። «አንድ እግር ያለው ሰው ታውቃላችሁ? እግሩ የተዛነፈ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ የሆነ?» መጀመሪያ ሰው እብድ ነው ያላቸው። ቀስ በቀስ ግን ከየአቅጣጫው መጣ። አስተማሪዋ ስልክ ላይ ግሩፕ ከፈተች። ከአንድ ተራራማ ከተማ አንዲት ፋርማሲስት ገባች፤ የመድኃኒት ቤቷን የኋላ ክፍል ለጫማ ማስቀመጫ ሰጠች። ከአንድ የወደብ ከተማ አንድ የዓሣ መረብ ጠጋኝ ገባ፤ ኔትወርክ የሚያገኘው ጣሪያ ላይ ሲወጣ ብቻ ስለሆነ መልእክቱ ሁሉ በነፋስና በቆርቆሮ ድምፅ የታጀበ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ከየት እንደገባ መከተል ቸገረ። እርስ በርስ ተያይተው አያውቁም። ቢሮ የላቸው፣ ደመወዝ የላቸው። አንዱ ጋ የተገኘው ጫማ ወደ ሌላው ሲሄድ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ሾፌሩ አጠገብ እንደ እንግዳ ተቀምጦ በነፃ ይጓዛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ስም ሲወጣለት ብቻ ተጣሉ። መረብ ጠጋኙ «ነጠላ ጫማ እንበለው» ቢል፣ ሸበጥ የምንሸጥ ይመስላል ተብሎ ወደቀ። በመጨረሻ «ሌላኛው እግር» ተባለና ጸና። ጋሽ ማርሽ ሊቀመንበር ሆነ። መጻፍ ስለሚሰለቸው በድምፅ ነው የሚልከው፤ አንዱ መልእክቱ ሰላምታው ብቻ ከከተማ እስከ ከተማ ያደርሳል። ሚስቱ ፀጉር ቤት ውስጥ የደንበኛ ፀጉር ስትተኩስ መልእክቱን ስልኳ ላይ ታሰማቸዋለች፤ ሴቶቹ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ሆነው ይሰሙና በሳቅ ይፈርሳሉ። እሷ በሆዷ ተደስታለች። ባሏ ጠዋት ተነስቶ ጢሙን ይላጫል፣ ይቆጣል፣ ያዛል፤ በቃ ሾፌር ሆኗል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አልጋ ሥር ያለው አልወጣም።

አስፋልቱ አልቆ ድንጋዩ ከሚጀምርበት ቦታ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ወደ ግሩፑ ገባ። ቀኝ እግሩን የወሰደበት እዚያው ሲሠራ የተንከባለለ ድንጋይ ነው። ቁጭ ብሎ ይጠርባል፣ እጁ ደህና ነው፤ ችግሩ ጫማው ነው። «ጋሽ ማርሽ፣ እንደምን አሉ?» አለ በድምፅ። «የኔን ጫማ እንኳን ዝናብ፣ ወሬም ያስገባዋል። ጎማ አስሬበት ነበር፣ እሱም ተበጠሰ። አዲስ አለቃ መጥቶብን፣ ጠንካራ ጫማ ያላደረገ ሰው ግቢው ውስጥ አይገባም ብሏል፤ ስብርባሪ አለ፣ ሰውየው እውነቱን ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላገኘሁ በቦታዬ ሌላ ሊያስገባ ነው። ግራ ነው የምፈልገው፣ አርባ ሁለት።»

ጋሽ ማርሽ ይኼን የሰማው ቤቱ ውስጥ፣ ከካርቶኖቹ በግድግዳ ብቻ ተለይቶ ነው። ስልኩን አፉ ጋ አስጠጋና፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ እየፈለግን ነው» አለ።

ሚስቱ በሩ ላይ ነበረች። «እየፈለግን ነው? የት የት ነው የምትፈልገው? አልጋው ሥር አይተሃል?»

እራት ላይ አላናገራትም፣ በማግስቱም። ኩርፊያው ግን በእሷ አልነበረም፤ በራሱ ነው የተናደደው። በየቀኑ ግሩፑ ላይ «አርባ ሁለት ግራ፣ እባካችሁ» እያለ ይጮኻል፣ ማታ ደግሞ በዚያው ላይ ይተኛል። አንድ ቀን ጠዋት ፋርማሲስቷ «ተገኘ! አንድ ደንበኛዬ ያልተነካ አርባ ሁለት ቡትስ ሰጠኝ፣ ግራ ቀኙን እናንተ ለዩት!» ብላ ፎቶ ስትልክ፣ ከሁሉ በላይ እፎይ ያለው እሱ ነው። «ግራ ነው» ብሎ ከሌላው ጋር አብሮ እንዲላክ አዘዘ፤ በዚያ ሳምንት ከየከተማው ብዙ ጫማ ይነሳ ነበር።

አሁን የፎቶውን ነገር ልንገራችሁ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ባለቤቱ ራሱ ግራ ነው፣ ቀኝ ነው ይል ነበር። ጫማው ሲበዛ ግን ጋሽ ማርሽ ሕግ አወጣ። «የጫማ ፊት በቀለም ይሸነግላል፤ ገልብጣችሁ ሶሉን አንሱልኝ። ጎማ የሚታየው በጥርሱ ነው!» ሰው ሁሉ እሺ ብሎ እየገለበጠ አነሳ። እሱና አስተማሪዋ ፎቶውን እያዩ ይኼ ቀኝ ነው ለእገሌ፣ ይኼ ግራ ነው ለእገሊት እያሉ ደለደሉ። ኮሩም። መኪኖቹም ተነሱ።

ከዚያ ስልኩ ይጮህ ጀመር። ፋርማሲስቷ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላለችው ሴትዮ የተላከላት የቀኝ አይደለም፣ የግራ ነው» አለች። አንድ ጎሚስታ፣ «ሁለት ግራ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ምን ላድርግ?» አለ። መረብ ጠጋኙ ከነነፋሱ ከጣሪያው ላይ ጮኸ። «ጋሽ ማርሽ! ሠፈሩን ሰብስቤ፣ ጭብጨባ አስጨብጭቤ ነው የሰጠሁት! ሰውየው ቢለው ቢለው አልገባለት አለ! አሁን ልጆች በየመንገዱ ግራ ነው ቀኝ ነው እያሉ ይሰድቡኛል!» አንዳንዱ ምንም ሳይል ከግሩፑ ወጣ። በመጨረሻ የድንጋይ ጠራቢው ድምፅ መጣ፤ እንደ ወትሮው ቀስ ያለ።

«ጋሽ ማርሽ፣ ጫማው ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። በጣም ቆንጆ ጫማ ነው። ለሌለው እግሬ ልክክ ብሏል።»

ጋሽ ማርሽ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። አስተማሪዋ ከነሜትሯ እየሮጠች መጣች፤ ሁለቱ ፎቶዎቹን እንደገና አዩ፣ እንደገናም ትክክል ሆኖ ታያቸው። ሚስቱ ከፀጉር ቤት ስትመጣ ሁለቱን እንደ ለቅሶኛ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ስልኩን አንስታ አንዴ አየች።

«ይኼማ መስታወት ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ደንበኛዬ መስታወቱን እያየች ‹እዚህ ጋ ቁረጪ› ስትለኝ የትኛው ጎኗ እንደሆነ ካላወቅሁ ጆሮዋን ነው የምቆርጠው። ጫማ ስትገለብጠው ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታያል።» የባሏን ጫማ ከእግሩ አውልቃ ገለበጠችው። «ይኸው። ምን ይመስላል?»

አስተማሪዋ አፏን በእጇ ከደነች። «ወይኔ ጉዴ! ዘመኔን ሙሉ ጨርቅ ገልብጠው ሁለት ግራ እጅጌ የሰፉ ተማሪዎቼን ስቆጣ ኖሬ! እኔው ሁለት ግራ ጫማ ሰፋሁ!» ብላ በሳቅ ተንከተከተች። ጋሽ ማርሽ ግን አልሳቀም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ። «ያ ሰው እንጀራው ሊዘጋ ነው።»

አዲሱ ሕግ ያን ቀን ወጣ፦ ጫማውን መሬት ላይ አቁሙት፣ የራሳችሁን ባዶ እግር አጠገቡ አቁሙ፣ ከላይ አንሱ። እግር አይገለበጥም። በሁለት ቀን ውስጥ ግሩፑ በእግር ጣት ተሞላ። ጥፍሯን ቀለም የተቀባች አለች፣ ሳይታጠብ ያነሳ አለ። «እባካችሁ፣ ምግብ እየበላሁ ነው» ያለም ነበር።

የተሳሳተውን ደግሞ ጋሽ ማርሽ እንደ ሾፌር አሰበው። ጭነት ሲሳሳት እያንዳንዱን ወደየቤቱ መመለስ ዕድሜ ይፈጃል፤ መንገዶቹ የሚገናኙበት ቦታ ተሰብስቦ መለዋወጥ ነው። ቦታውን ያውቀዋል። መስቀለኛው መንገድ ላይ ያለው ማደያ፣ ከኋላው ሰፊ ግቢ አለው፣ ባለቤቱም የድሮ ወዳጁ ነው። ወሩ ሳያልቅ ባለው እሑድ ሁላችሁም ጫማችሁን ይዛችሁ ኑ ብሎ አወጀ። ድንጋይ ጠራቢውንም፣ «አንተም ና። ከዚያ ሁሉ ጫማ መሀል ያንተ አይጠፋም» አለው።

እግሩ ከተቆረጠ ወዲህ ረጅም መንገድ ወጥቶ አያውቅም። እሑድ ንጋት ላይ የጓደኛው መኪና በር ላይ ሲቆም ሚስቱ ደግፋ ጋቢና አወጣችው፤ እሷም አጠገቡ ገባች። ከወንበሩ ሥር አንድ ጆንያ በእግሯ ነካች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መጠባበቂያ ጎማ ነው። ሾፌር ያለ መጠባበቂያ አይወጣም።»

ጎማ ማዕዘን የለውም፤ ጆንያው ግን ነበረው። እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችለት። ዳገቱ ሲጀምር ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ። ከጉልበቱ በታች የሌለው የጋሽ ማርሽ እግር ፍሪሲዮን ረገጠ። ጭኑ ሲነሳ አየችው። ሾፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ይነሳል። እጇን ጭኑ ላይ አሳረፈች፣ እሱም መስኮቱን እያየ፣ «ይኼ ልጅ ሦስተኛ ላይ ይቸኩላል» አለ።

ግቢው ውስጥ ትልቅ ሸራ ተነጥፎ ነበር። ሰው ከየመንገዱ ደረሰ፤ በድምፅ ዓመት የሚተዋወቁ ሰዎች በመልክ ተፋጠጡ። መረብ ጠጋኙን ሁሉም ሽማግሌ ነው ብሎ ሲጠብቅ ከሲታ ጎረምሳ ሆኖ ተገኘ። የሚናገረው ግን አሁንም እየጮኸ ነው፤ ከነፋሱ ጋር ለምዶበት ይሆናል። ፋርማሲስቷ አየችው አየችውና እግሩ ላይ ስትደርስ፣ «አውቄሃለሁ! ይቺን የተሰነጠቀች አውራ ጣት የት ብትሆን አውቃታለሁ!» ብላ አቀፈችው። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ጫማውን እያወለቀ በእግሩ ይተዋወቅ ጀመር። ለእግር የተቋቋመ ማኅበር እንዲህ ቢያደርግ ምን ይገርማል?

ጫማው ሸራው ላይ ተደረደረ፣ ግራው በግራ፣ ቀኙ በቀኝ፤ እያንዳንዱን የጋሽ ማርሽ ሚስት ከእግሯ ጋር እያስተያየች ነው ያሳለፈችው። ሰው ፈለገ፣ ለካ፣ ተለዋወጠ። አስተማሪዋ ለራሷ ሳይሆን እግሯን ገልብጣ ለተሸከመችው ሴትዮ አጥብቃ ስትፈልግ ነበር፤ አገኘቻት። ከወዲያኛው መንገድ የመጣች የወተት ነጋዴ ናት፤ ሁለቱ ሴቶች አንድ አንድ ጫማ ሲቀያየሩ እንደ እህትማማች ተሳሳሙ። ከግሩፑ ወጥተው የነበሩት ሳይቀሩ ተመልሰው መጥተዋል።

ድንጋይ ጠራቢው የደረሰው ሸራው ላይ ያለው ሊያልቅ ሲል ነው። ፊቱ ላይ የመንገድ አቧራ አለ፣ ግራ እግሩ ላይ ያለው ጫማ በሽቦ ተጠፍሯል። ጋሽ ማርሽ ራሱ በክራንቹ ሄዶ ተቀበለው። ከግራዎቹ መሀል አብረው ፈለጉ። አርባ አንድ አለ፣ አርባ ሦስት አለ፣ የሴት አለ። አርባ ሁለት የለም። ሰውየው ቀና አለና ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም።

«ምንም አይደል፣ ጋሽ ማርሽ። ሰው አይቻለሁ፣ ደስ ብሎኛል። የቀረው የእግዜር ነው።»

ከዚያ ዓይኑ ዝቅ ብሎ የጋሽ ማርሽ ቀኝ እግር ላይ አረፈ። ዝናቡ ሊገባ ሲል የተገዛው ወፍራሙ ቡትስ፣ እንደ ወትሮው ተወልውሎ ያበራል።

«ይኼ ደግሞ ጫማ ነው! ቁጥሩ ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት» አለ ጋሽ ማርሽ።

«ወንድሙስ የት ሄደ?»

ሰውየው በቀና ልቡ ነው የጠየቀው። የጋሽ ማርሽ ሚስት ግን ጥፍሮቿን ማየት ጀመረች፤ አስተማሪዋም ሜትሯን ጠቀለለች። ጋሽ ማርሽ በሽቦ የታሰረውን ጫማ አየ፣ የራሱን አየ። አልጋው ሥር ያለው ጫማ ያንን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቅ የኖረው ይኸንኑ ሰው እንደነበር ታየው። በራሱ አፈረ፣ ወዲያው ደግሞ ልቡ ቀለለው።

«መኪና ውስጥ ነው» አለ። «ሲጠብቅህ ነበር።»

ሚስቱ ጆንያውን ለማምጣት የሮጠችው ሩጫ! የፀጉር ቤት እመቤት እንደዚያ ስትሮጥ ያየ ሰው እሳት የተነሳ ይመስለዋል። ጆንያው ሸራው ላይ ሲፈስ ግቢው በሙሉ «እህ!» አለ። አዲስ በአዲስ ላይ፣ ሁሉም ግራ፣ ሁሉም አርባ ሁለት። ጋሽ ማርሽ ቡትሱን መረጠና ሰውየውን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ሽቦውን በፒንሳ ፈታ፣ በእጁ አጫማው፣ ማሰሪያውን አሰረለት። ልክክ አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ማርሽ፣ እርስዎ…»

«እርስዎ ብሎ ነገር የለም! አንድ ጫማ ለሁለት አድርገን አንቱ አንባባልም። አንተ በለኝ።»

«እስቲ ቁሙልን!» አለ መረብ ጠጋኙ ስልኩን ደግኖ። ጎን ለጎን ቆሙ፤ ጋሽ ማርሽ በቀኝ፣ ድንጋይ ጠራቢው በግራ፣ መሀላቸው ባዶ፣ ታች ደግሞ አንድ ሙሉ ጫማ። ክራንቻቸውን ለሚስቱ ሰጡና ትከሻ ለትከሻ ተቃቀፉ። ጋሽ ማርሽ «ፍሪሲዮን!» ብሎ አዘዘ፤ ድንጋይ ጠራቢው በግራው ወጣ። «ነዳጅ!» አለ፤ ራሱ በቀኙ ተከተለ። እንዲህ እያሉ ሸራውን ሲያቋርጡ፣ ሊወድቁ ሲሉ ሰው እየያዛቸው፣ ግቢው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ማርሽ እንባው ሲወርድ አልጠረገውም፤ እጁ ሥራ ላይ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስቱ ቤት ስትጠርግ ሳሎን ሆኖ ሰማት። መጥረጊያው አልጋ ሥር ገባ። ገባ፣ ገባና ግድግዳውን መታ። ትንሽ ቆማ ጠበቀች፤ የሚጮህ ሰው የለም። «ደህና ነህ?» አለች።

«ጥረጊ እንጂ! አቧራው አንገታችን ደረሰ እኮ» አላት።

ድንጋይ ጠራቢው ሥራው ላይ ነው። ጫማ ደግሞ ከጋሽ ማርሽ በፍጥነት ይጨርሳል፤ ድንጋይ ላይ ነው የሚውለው። ሰሞኑን ጋሽ ማርሽ ለአዘቦት የሚሆን ጫማ ሊገዛ ያው ሱቅ ሄዶ፣ እንደ ልማዱ ጥቁሩን አነሳ። ሻጩ ሊጠቀልለው ሲል የጋሽ ማርሽ ስልክ ጮኸ፤ ፎቶውን ቀደም ብሎ ለድንጋይ ጠራቢው ልኮለት ኖሯል።

«ጥቁር አልፈልግም» አለ ከወዲያ ያለው ድምፅ። «እዚህ አቧራ ነው፣ ጥቁር ወዲያው ያሳጣል። ቡናማውን ውሰድ።»

«ቡናማ አድርጌ አላውቅም!»

«ልመደዋ! አንተ ቤት ነው የምትቀመጠው፣ የምሠራበት እኔ ነኝ!»

«ሚስቴ እንኳ እንዲህ አታዘኝም እኮ!»

«ስለምታፍርህ ነው። ቡናማውን ውሰድ ብዬሃለሁ።»

ጋሽ ማርሽ እያጉረመረመ ስልኩን ዘጋና ጥቁሩን መለሰ። ሻጩ ግራ ገብቶት ያየዋል።

«ጋሼ፣ ማነው እንዲህ የሚያዝዎት?»

«ግራ እግሬ ነው» አለ ጋሽ ማርሽ። «ቡናማ ነው የሚወደው፣ ጠቅልልልኝ።»